አንድ ፍላሽና 60 ሰዓት፦ ለትምህርት ቢሮዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለክልልና ለከተማ አስተዳደር ትምህርት ቢሮዎች፣
ለዞንና ለወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤቶች፣
ባላችሁበት

ጉዳዩ፦ ያለ ኢንተርኔት የሚሠሩ ነጻ የማስተማሪያ መሣሪያዎች በጉድኝት ማዕከላት በኩል ለመምህራን እንዲደርሱ ስለመጠየቅ

ከላይ በጉዳዩ ለመግለጽ እንደተሞከረው፣ የምጠይቀው ነገር ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣ አይደለም። በአንዲት የወረዳ ከተማ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው አዲስ ኮምፒውተር ወይም ፕሮጀክተር እንዲገዛልን ለመለመን ሳይሆን፣ በነጻ የቀረበና ያለ ኔትወርክ የሚሠራ ብዙ የማስተማሪያ ሀብት እያለ ወደ ክፍላችን ሳይደርስ ለምን እንደሚቀር ለማስረዳትና መድረሻውን መንገድ ለመጠቆም ነው። መንገዱ በየጉድኝት ማዕከሉ፣ ማለትም አጎራባች ትምህርት ቤቶች በጋራ በሚገናኙበት ቦታ፣ የሚቀመጥ አንድ ፍላሽ ነው። ጊዜውን ደግሞ ከሌላ ቦታ መፈለግ አያስፈልግም፤ በየዓመቱ እንድንሞላ የምንጠየቀው የተከታታይ ሙያ ማሻሻያ 60 ሰዓት አለ።

ቴክኖሎጂ ወደ ክፍላችን ሲገባ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። ከ1997 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ «ፕላዝማ» ተሰቅሎ፣ በእንግሊዝኛ የተቀረጸ ትምህርት በሳተላይት ይሠራጭ እንደነበር የዚያ ዘመን ተማሪም መምህርም ያስታውሰዋል። እኔ ያኔ ተማሪ ነበርኩ፤ ሥዕሉና እንቅስቃሴው ያስደስተኝ እንደነበር አልክድም። ሆኖም ሥርጭቱ ማንንም አይጠብቅም ነበር። የስክሪኑ መምህር ጥያቄ ይጠይቅና ጥቂት ሰከንዶች ዝም ብሎ መልሱን ራሱ ተናግሮ ያልፋል፤ እኛ ገና ጥያቄውን ወደ ደብተራችን እየገለበጥን ነን። የክፍሉ መምህር ከመግቢያና ከመዝጊያ ደቂቃዎቹ በስተቀር ሊያቆመውም ሊያስደግመውም አይችልም፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ የዕለቱ ትምህርት አብሮ ይጠፋል። እኔ ከዚያ የተማርኩት ነገር ቢኖር፣ አንድ መሣሪያ ለክፍል የሚበጀው መምህሩ ሊያቆመው፣ ሊደግመውና ሲያሻው ለነገ ሊያሳድረው ሲችል እንደሆነ ነው። አሁን የማነሣቸውን መሣሪያዎች የመረጥኳቸውም በዚሁ ሚዛን ነው፤ ሁሉም ቅጂያቸው በመምህሩ እጅ ሊቀመጥ የሚችል ናቸው።

በራሴ የትምህርት ዓይነት ልጀምር። የጀርመኑ የአኸን ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ያዘጋጀው «ፋይፎክስ» የሚባል ነጻ አፕ አለ። ስልካችን ውስጥ ድሮውንም የተቀመጡትን የፍጥንጥነት፣ የማግኔትና የድምጽ መለኪያዎች ለላቦራቶሪ ሥራ ያውላቸዋል፤ አንዴ ከተጫነ በኋላ ኢንተርኔት አይፈልግም። ከክፍሎቹ አንዱ በድምጽ የሚነሣና በድምጽ የሚቆም የሰከንድ ቆጣሪ ነው። አንድ ማስመሪያ ከጠረጴዛ ጫፍ አሳልፌ፣ ጫፉ ላይ ብሎን አስቀምጬ፣ ከብሎኑ እስከ ወለሉ ያለውን ከፍታ 1.25 ሜትር አድርጌ እለካለሁ፤ ወለሉ ላይ ቁራጭ ቆርቆሮ አነጥፋለሁ። ማስመሪያውን በእርሳስ ጠንከር አድርጌ ወደ ጎን ስመታው የምቱ ድምጽ ቆጣሪውን ያስነሣል፤ ብሎኑ ቆርቆሮው ላይ ሲያርፍ ደግሞ ድምጹ ያቆመዋል። የሚነበበው ግማሽ ሰከንድ ገደማ ነው። የከፍታውን እጥፍ ለጊዜው ካሬ ስናካፍለው የመሬት ስበት ፍጥንጥነት ከ9.8 ብዙም ሳይርቅ ይወጣል። ከመጽሐፉ ሸምድደውት የነበረው ቁጥር ከገዛ ክፍላቸው ወለል ሲወጣ ያዩ ተማሪዎች «መምህር፣ ይደገም!» ይሉኛል። ወንበር ከተንኳኳ ወይም አንድ ሰው ካሳለ ቆጣሪው ስለሚሳሳት፣ ስልሳ ተማሪ ትንፋሹን ውጦ የሚጠብቅበትን ጸጥታ ያገኘሁት በዚህ ሙከራ ብቻ መሆኑንም እግረ መንገዴን ልናገር። ወጪው አንድ ብሎንና አንድ ቁራጭ ቆርቆሮ ነው፤ ስልኩ የራሴ ነው።

የኤሌክትሪክ ምዕራፍ ላይ ስንደርስ ችግራችን ይታወቃል። አሜትሩ ወይ የለም ወይ መርፌው ተሰብሯል፤ ባትሪ ድንጋዩም በየጊዜው ከኪሳችን ነው። በአሜሪካ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ቦልደር እ.ኤ.አ. በ2002 የተጀመረው «ፌት» የተሰኘ ፕሮጀክት ለዚህ ይደርሳል። ፕሮጀክቱን የመሠረተው ከአንድ ዓመት በፊት የፊዚክስ ኖቤል ሽልማትን የተጋራው ካርል ዋይማን ነው። ተማሪው በስክሪን ላይ ሽቦ እየቀጠለ፣ አምፖል እያሰረ፣ መለኪያውን እያስገባ ሰርኪዩት ይሠራል፤ ሽቦውን በስህተት ካገናኘው ባትሪው ሲቃጠል ያያል፤ የተቃጠለውም ባትሪ ማንንም ገንዘብ አያስከፍልም። የኬሚስትሪ፣ የሒሳብና የባዮሎጂ ሙከራዎችም አሉት፤ ከፊሎቹም ወደ አማርኛ ተተርጉመዋል። ብዙ መምህራን የማያውቁት ግን እነዚህ ሙከራዎች አንድ በአንድ ወርደው እንደማንኛውም ፋይል ሊቀመጡ መቻላቸውን ነው። እያንዳንዳቸው ጥቂት ሜጋባይት ብቻ ናቸው፤ ከአንድ መምህር ወደ ሌላው በዜንደር ይሻገራሉ፤ ያለ ኔትወርክም በስልክ ማሰሻ ይከፈታሉ። ፕሮጀክተር ከሌለ ሁለት ሦስት ስልኮች በረድፍ እየዞሩ፣ የታየውን በጠመኔ ሰሌዳው ላይ እየሣሉ ማስተማር ይቻላል። አድካሚ ነው፤ ነገር ግን በቃል ብቻ «ኤሌክትሪክ እንዲህ ይፈሳል» ከማለት እጅግ ይሻላል።

ለታችኛው ክፍል መምህራን የሚበጀው ሌላ ነው። በደቡብ አፍሪካው የርቀት ትምህርት ተቋም ሳይዴ የተጀመረው «አፍሪካን ስቶሪቡክ» በአፍሪካ ቋንቋዎች የተጻፉ ባለ ሥዕል የልጆች ታሪኮችን በነጻ ያቀርባል። አማርኛ፣ አፋን ኦሮሞና ትግርኛም አሉበት። ፈቃዱ ክፍት ስለሆነ ማውረድ፣ ማተም፣ ማባዛት፣ ከዚያም አልፎ መምህሩ ራሱ ወደ አካባቢው ቋንቋ ተርጉሞ መጨመር ይችላል። ሁለተኛ ክፍል የምታስተምር ባልደረባዬ ከዚያ ያወረደቻቸውን ታሪኮች በትምህርት ቤቱ ማተሚያ አትማ፣ በማዳበሪያ ክር ሰፍታ፣ በክፍሏ ጥግ የመጻሕፍት መደርደሪያ አበጅታለች። ልጆቹ መጽሐፉን ወደ ቤት ይዘው መሄድ ስለሚለምኗት መዝገብ ከፍታ ታውሳቸዋለች።

ለቤተ መጻሕፍት «ኪዊክስ» አለ፤ ዊኪፔዲያን በሙሉ ወይም በከፊል አውርዶ ያለ ኢንተርኔት እንዲነበብ ያደርጋል። የአማርኛው ዊኪፔዲያ ቀጭን ነው፤ ብዙ አይጠበቅበት። የእንግሊዝኛው ግን ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ከበቂ በላይ ነው። ኮምፒውተር ላላቸው ትምህርት ቤቶች ደግሞ «ኮሊብሪ» የተባለውን እመክራለሁ። ይህ መሣሪያ አንዱን አሮጌ ኮምፒውተር እንደ ማዕከል አድርጎ፣ የካን አካዳሚን የሒሳብና የሳይንስ ትምህርቶች ከነመልመጃዎቻቸው በዙሪያው ላሉት ኮምፒውተሮችና ስልኮች በዋይፋይ ያዳርሳል። ዋይፋይ ሲባል ኢንተርኔት ማለት እንዳልሆነ በየስብሰባው ማስረዳት ሰልችቶኛል፤ ራውተሩ የሚያገናኘው በግቢው ውስጥ ያሉትን ብቻ ነው፤ ካርድም አይሞላበትም። ትምህርቶቹ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ መሆናቸው ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ይከብዳል፤ ስለዚህ መምህሩ አብሮ ካልተቀመጠ ኮሊብሪም ሌላ ፕላዝማ ይሆናል።

ከውጭው ይልቅ የራሳችን ሀብት ይቅደም የሚል ካለ ተቃውሞ የለኝም። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሥራ ላይ ሲውል የታተመው መጽሐፍ ሳይደርስ ተማሪና መምህር ለረጅም ጊዜ በሶፍት ኮፒ መቆየታቸው የሚታወቅ ነው። ሶፍት ኮፒው ዛሬም ያገለግላል፤ ሆኖም መጽሐፉ በሙሉ እንደ አንድ ትልቅ ፋይል በቴሌግራም ሲላክ፣ አሮጌ ስልክ የያዘው ተማሪ ወይ ማውረጃ ዳታ ያጣል ወይ ሲከፍተው ስልኩ ይቆምበታል። መጽሐፉን በምዕራፍ በምዕራፍ ከፍሎ ማስቀመጥ በኮምፒውተር የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። ይህን ሥራ በየትምህርት ቤቱ ያለ መምህር ሁሉ ለየብቻው ከሚሠራው፣ ቢሮው አንዴ ሠርቶት በፍላሹ ላይ ቢያስቀምጠው እንዴት ያለ እፎይታ ነበር።

አሁን ስለ ሮስተር፣ ማለትም ስለ ተማሪዎች ውጤት ማጠቃለያ ሰንጠረዥ፣ ልናገር፤ ምክንያቱም መምህሩን ከቴክኖሎጂ ጋር የሚያስታርቀው ሙከራም ቪዲዮም ሳይሆን ሮስተር ነው። በሴሚስተሩ መጨረሻ የክፍል ኃላፊው የስልሳ ተማሪዎችን ማርክ ከየመምህሩ ሰብስቦ፣ ድምሩን፣ አማካዩንና ደረጃውን በካልኩሌተር ሲያወጣ ሁለትና ሦስት ቀን ይፈጅበታል፤ አንድ ማርክ ከተስተካከለ ደግሞ ደረጃው ከላይ እስከ ታች ይናጋል። በኤክሴል፣ ወይም ስልክ ላይ በሚሠራው ነጻ የጎግል ሺትስ፣ ይህ ሁሉ የሦስት ቀመሮች ሥራ ነው፦ ሰም፣ አቨሬጅ እና ራንክ። ነገር ግን ቀመሩን ለመምህራን ሳሳይ አንድ ስህተት ደጋግሞ ገጥሞኛል። የራንክ ቀመር ሲጻፍ የማወዳደሪያው ዓምድ በዶላር ምልክት ካልታሰረ፣ ቀመሩ ወደ ታች ሲጎተት ዓምዱም አብሮ ይንሸራተታል። የሦስተኛው ተማሪ ማርክ ከበላዩ ካሉት ከሁለቱ ጋር ሳይወዳደር ይቀራል፤ የዝርዝሩ የመጨረሻ ተማሪ ደግሞ የሚወዳደረው ከራሱ ጋር ብቻ ስለሆነ ሁልጊዜ አንደኛ ይወጣል። ስሙ በዜድ የሚጀምር ተማሪ በየክፍሉ አንደኛ የወጣበትን ሮስተር አይቻለሁ፤ የተማሪው ወላጅ ደስታ ግን ለሁለት ቀን ብቻ ነበር። ሌላው ጥንቃቄ ያልተፈተነ ተማሪን ይመለከታል፤ ቦታው ባዶ ከተተወ የአቨሬጅ ቀመር ያንን ትምህርት ከቁጥር ስለማያስገባው የቀረው ተማሪ ከተፈተነው በልጦ ሊገኝ ይችላል። እነዚህን ሁለት ነገሮች ያሟላ አንድ ባዶ ሮስተር ተዘጋጅቶ በፍላሹ ላይ ቢቀመጥ፣ መምህሩ ማርክ ብቻ አስገብቶ ይጨርሳል፤ ያተረፈውን ሁለት ቀን ደግሞ ለማጠናከሪያ ትምህርት ያውለዋል።

በዚሁ አጋጣሚ ከጽሕፈት ቤቶቹ ወደ እኛ ስለሚላኩ ጽሑፎች አንድ ነገር ላንሣ። የሞዴል ፈተና በሶፍት ኮፒ ተልኮልን ስንከፍተው የአማርኛው ክፍል ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ሆኖ ያገኘንበት ጊዜ አለ። ሰነዱ የተጻፈው በድሮዎቹ የግዕዝ መጻፊያ ሶፍትዌሮች ስለሆነ፣ ያ ሶፍትዌር በሌለበት ኮምፒውተር አይነበብም። የእኛ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0፣ የዓለም ፊደላት በኮምፒውተር በሚወከሉበት የጋራ ሥርዓት፣ ዓለም አቀፍ ቦታውን ይዟል፤ በዩኒኮድ የተጻፈ ጽሑፍ በማንኛውም ስልክና ኮምፒውተር ይነበባል፣ ይፈለጋል፣ ይቀዳል። በዊንዶውስ ላይ የሚሠራው ኒያላ የተባለው ፎንት፣ በነጻ የሚወርደው አቢሲኒካ፣ ሁለቱም ይበቃሉ። ጽሑፉ እንዳይናወጥ የሚፈልግ ደግሞ ከመላኩ በፊት ወደ ፒዲኤፍ ይለውጠው። ይህ ትንሽ ነገር ቢመስልም፣ ፈተናው በሚሰጥበት ዋዜማ ማታ ለሚያባዛው መምህር ትንሽ አይደለም።

ሁለት ነገሮችን በጥንቃቄ መያዝ እንደሚገባም አልዘነጋሁትም። የመጀመሪያው የተማሪዎች ምስጢር ነው። ማርክ ሊስትን ከነስሙ ፎቶ አንሥቶ በቴሌግራም ግሩፕ መልቀቅ ልማድ ሆኗል፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ ይህ ልማድ በዝምታ የሚታለፍ አይመስለኝም፤ አዋጁ ባይኖርም እንኳ አርባኛ የወጣች ልጅ ደረጃዋ በሺህ ሰው ፊት ሊነበብ አይገባም። ማርኩን ለየተማሪው ወይም ለወላጁ ብቻ ማሳወቅ ይቻላል። ሁለተኛው እንደ ቻትጂፒቲ ያሉት በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩ መሣሪያዎች ናቸው። የመልመጃ ጥያቄ ለማርቀቅና የእንግሊዝኛ ማብራሪያን ለማቅለል ያግዛሉ፤ እኔም እጠቀምባቸዋለሁ። ይሁን እንጂ በሙሉ ልበ ሙሉነት ስለሚሳሳቱ፣ መምህሩ ራሱ በወረቀት ሠርቶ ያላረጋገጠውን ጥያቄ ለተማሪ ማቅረብ የለበትም። አማርኛቸውም ገና ማረም ይፈልጋል።

ወደ ጥያቄዬ ልመለስ። መምህር በክፍል ውስጥ ስልክ ሲይዝ መታየቱ ብዙ ጊዜ እንደ ሥነ ምግባር ጉድለት ይቆጠራል። አንድ ጊዜ ከላይ የነገርኳችሁን የብሎን ሙከራ እያሳየሁ ለምልከታ የመጣ ሰው በቅጹ ላይ «በክፍለ ጊዜው ስልክ ተጠቅሟል» ብሎ ጽፎብኝ ሄዷል። ሰውየውን አልወቅሰውም፤ በያዘው ቅጽ ላይ ስልክ የሚገባበት ሌላ ሣጥን አልነበረም። ስለዚህ መምህር ለትምህርቱ ዓላማ የሚጠቀምበት ስልክ የትምህርት መርጃ መሣሪያ ተደርጎ እንዲቆጠር የሚገልጽ አንድ ገጽ ደብዳቤ ከቢሮዎቹ ወደ ታች እንዲወርድልን፣ የምልከታ ቅጹም በዚያው እንዲስተካከል እጠይቃለሁ።

ፍላሹን በተመለከተ፣ የመምረጡና የማደራጀቱ ሥራ ለመምህራን ትምህርት ኮሌጆች ቢሰጥ መልካም ነው። ዕጩ መምህራኑ መሣሪያዎቹን ከየክፍሉ መርሐ ትምህርት ጋር እያዛመዱ፣ «ዘጠነኛ ክፍል፣ ምዕራፍ ሦስት፣ ይህ ሙከራ» እያሉ ቢያስቀምጡት እነርሱም ይማሩበታል። ያልተደረደረ ፍላሽ ግን ባይላክ ይሻላል፤ ሦስት ሺህ ፋይል የታጨቀበትን ማን ከፍቶ ያየዋል? ሌላው የምንፈራው ቫይረስ ነው። አንድ ፍላሽ በአሥር ትምህርት ቤት ሲዞር ፋይሎቹ ሁሉ ወደ ሾርትከት ተለውጠው ይመለሳሉ። ይህን ለመቀነስ በጉድኝት ማዕከሉ የሚቀመጠው ዋናው ቅጂ፣ ጎኑ ላይ የመቆለፊያ ምላስ ባለው የሜሞሪ ካርድ ማቀፊያ ውስጥ ቢሆን፣ ተቆልፎ ስለሚሰጥ ይነበባል እንጂ አይጻፍበትም። መምህራን ከዚያ ወደ ስልካቸው ይቀዳሉ፤ በየሴሚስተሩ ደግሞ ማዕከሉ አዲሱን ይተካል።

60 ሰዓቱን በተመለከተ ግን ግልጽ ልሁን። አብዛኛው መምህር የተከታታይ ሙያ ማሻሻያ ሰዓቱን የሚሞላው በሥራ ሳይሆን በፖርትፎሊዮ ነው፤ አንዱ የጻፈውን ሌላው ይገለብጣል፤ ይህን እናንተም እኛም እናውቀዋለን። ከዚያ ውስጥ ሃያው ሰዓት እንኳ በጉድኝት ማዕከሉ ተገናኝቶ ሮስተር በመሥራት፣ ሙከራ በማሳየትና ፋይል በመለዋወጥ ቢያዝ፣ ማስረጃው መምህሩ በክፍሉ ያሳየው አንድ ትምህርት ይሁን። አሠልጣኝ ከሩቅ ማምጣትም አያስፈልግም፤ በየጉድኝቱ ባልደረቦቹ «እስቲ ይህን አስተካክልልኝ» እያሉ የሚሮጡበት አንድ ሰው አለ። የትራንስፖርት ይከፈለው፤ ምስክር ወረቀትም ይሰጠው።

ዘላቂውን ነገር ካሰብን፣ ደቡብ አፍሪካ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ እንዳደረገችው፣ የትምህርት ድረ ገጾች ያለ ዳታ ክፍያ እንዲከፈቱ ከቴሌኮም ድርጅቶች ጋር መነጋገር ይቻላል። እኛ በዚያው ዓመት ከመጋቢት 7 በኋላ ተማሪዎቻችንን በቴሌግራም ስናሳድድ፣ የደረስነው ዳታ መግዣ ላለው ብቻ ነበር። ይህ ግን ከወረዳና ከክልል በላይ የሆነ ጉዳይ ስለሆነ ለፍላሹ ማዘግያ ምክንያት እንዳይሆን እለምናለሁ።

ጉዳዩ እንዲፈጥን የምፈልግበት ምክንያት አለ። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮምፒውተርም እየተሰጠ ነው። የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ እንደነበሩ ሁላችንም ሰምተናል። ይህን ስብራት አንድ ፍላሽ ይጠግነዋል ብዬ ራሴንም እናንተንም አላታልልም። ነገር ግን ማውዝ ጨብጦ የማያውቅ ተማሪ በፈተናው ቀን ጥያቄውን ትቶ ቀስቱን ሲያሳድድ የሚያጠፋው ጊዜ ከእውቀቱ ላይ የሚቀነስ ነው። በትምህርት ቤታችን ያሉት ጥቂት ኮምፒውተሮች ደግሞ ቁልፋቸው ንብረት ክፍል ሆኖ አቧራ ይጠጣሉ። ኮሊብሪ ተጭኖባቸው ዘወትር ከሰዓት በኋላ ለ12ኛ ክፍል ቢከፈቱ፣ ልጆቹ የሒሳብ መልመጃ እየሠሩ ማውዙንም ይለምዱታል።

ስለዚህ ከመጪው የትምህርት ዘመን መጀመሪያ በፊት፣ ለሙከራ ያህል በየዞኑ በአንድ ጉድኝት ማዕከል እንኳ ሥራው እንዲጀመርልን በትሕትና እጠይቃለሁ። እኔ እስካሁን የሰበሰብኳቸው ፋይሎችና የሮስተሩ ቅጽ በአንድ ፍላሽ ተቀምጠዋል፤ የሚቀበለኝ ጽሕፈት ቤት ካለ ይዤ እመጣለሁ።

ከሰላምታ ጋር
አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህር

ግልባጭ፦
ለርዕሳነ መምህራንና ለጉድኝት ሱፐርቫይዘሮች
ለመምህራን ትምህርት ኮሌጆች
ለሥራ ባልደረቦቼ፣ ዶላሩን እንዳትረሱ